የማይለወጠው ሊነክስ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያም ወደ መፍትሄው

ሲልቨርብሉና ኪኖይት ፌዶራ ከተባለው የሊነክስ ዓይነት የወጡ፣ «የማይለወጡ» የሚባሉ ዴስክቶፖች ናቸው። ከተለመደው ሊነክስ የሚለዩት ሲስተሙ የተቀመጠበት ዩኤስአር የተባለው ፎልደር ስለሚነበብ እንጂ ስለማይጻፍበት ነው። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ብትሆኑም አያስገባችሁም። አፕዴት ሲመጣም ያለው ፋይል አይነካካም። ሙሉ አዲስ ቅጂ በጎን ይዘጋጃል፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ በአዲሱ ይነሳል። አሮጌውም አይጠፋም።

ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። የሚያስቸግረውም አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ተበላሽቶ ሳይሆን አንድ ነገር ያለቦታው ተጭኖ ነው። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ችግር የፈጠረው ፕሮግራም የት እንዳለ እወቁ። ሲስተሙ ላይ ነው? ኮንቴይነር (ከሲስተሙ ጎን የሚሠራ ለብቻው የተከለለ ትንሽ ሊነክስ) ውስጥ ነው? ወይስ ፍላትፓክ (ከሲስተሙ ተለይቶ የሚጫን አፕ) ነው? ከዚያ ተርሚናል ከፍታችሁ «አርፒኤም-ኦስትሪ ስታተስ» በሉ። ጥቁር ነጥብ ያለበት አሁን የተነሳችሁበት ቅጂ ነው። ከላይ የተጻፈው ደግሞ በሚቀጥለው ሪስታርት የሚነሳው ነው። «ሌየርድ ፓኬጅስ» የሚለው መስመር እናንተ ራሳችሁ ሲስተሙ ላይ የደረባችኋቸውን ይዘረዝራል።

ዲኤንኤፍ አልጭንም ካለ

ዲኤንኤፍ ፌዶራ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት የተለመደው ትእዛዝ ነው። የማይጭንበት ምክንያት ያው ነው፤ ዩኤስአር አይጻፍበትም። መፍትሄው ለሚጫነው ነገር ትክክለኛውን ቦታ መምረጥ ነው። መስኮት ያለው አፕ ከሆነ ፍላትሀብ ከተባለው የአፕ ማከማቻ በፍላትፓክ ይጫን። ኮምፓይለር፣ ፓይተን፣ ኖድ፣ የዳታቤዝ መሣሪያ ከሆነ በቱልቦክስ ወይም በዲስትሮቦክስ ኮንቴይነር ፍጠሩና እዚያ ውስጥ ጫኑት። የፌዶራ ኮንቴይነር ከሆነ ዲኤንኤፍ እንደ ልማዱ ይሠራል። ሲስተሙ ላይ በ«አርፒኤም-ኦስትሪ ኢንስቶል» መደረብ ያለበት ከማሽኑ ጋር የተሳሰረ ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ድራይቨር ወይም ከኔትወርክ ማኔጀር ጋር የሚሠራ የቪፒኤን ፕለጊን።

ሁሉንም መደረብ ይቀላል የሚል አለ። ይቀላል፤ ግን አፕዴት በመጣ ቁጥር የደረባችሁት ሁሉ እንደገና ይሰላል፣ እንደገና ይገጠማል። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር አፕዴቱ ይዘገያል። ከመካከላቸው አንዱ ካልተስማማ ደግሞ ሁሉም ይቆማል።

ጫንኩት፣ ግን የለም

ሪስታርት አድርጉ። የጫናችሁት ያለው አዲሱ ቅጂ ላይ ነው፤ እናንተ ያላችሁት ደግሞ አሮጌው ላይ። ሪስታርት ለማድረግ የማይመች ከሆነ «ሱዶ አርፒኤም-ኦስትሪ አፕላይ-ላይቭ» አዲስ የተጨመረን ፓኬጅ ወዲያው ያመጣዋል። ለከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) ግን አትመኩበት።

አፕዴቱ እምቢ ካለ

ይህ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው። በተለይ ከአንድ የፌዶራ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ስትሻገሩ ፓኬጆቹ አልተጣጣሙም የሚል ረጅም መልእክት ይመጣል። መልእክቱ ያስፈራል፤ ግን ምንም ነገር አልተበላሸም። አዲሱ ቅጂ አልተሠራም እንጂ የተነሳችሁበት እንዳለ ነው። ተረጋግታችሁ አንብቡት። ያስቸገረው ፓኬጅ ስም እዚያው ተጽፏል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የአርፒኤም ፊውዥን ሪፖዚተሪ (ፌዶራ ራሱ የማያቀርባቸው ፓኬጆች ማከማቻ፤ ፍሪና ነንፍሪ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት) መግቢያ ፓኬጅ ነው። መጀመሪያ ስትጭኑት ከፋይል ነው የጫናችሁት፤ ፋይሉ ደግሞ ለአንድ የፌዶራ ቁጥር ብቻ የተሠራ ነው። ፌዶራ 41ን የሚፈልግ ፓኬጅ ይዛችሁ ወደ 42 ልትሻገሩ ስትሉ ይገታችኋል። ስታተስ ላይ «ሎካል ፓኬጅስ» በሚለው መስመር ስሙን ከነቁጥሩ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው ከመሻገራችሁ በፊት በአንድ ትእዛዝ ቁጥር ያለውን አውጥቶ ያንኑ ፓኬጅ ያለቁጥር፣ በስሙ ብቻ፣ ከሪፖዚተሪው ማስገባት ነው። «አርፒኤም-ኦስትሪ አፕዴት» ብላችሁ «አንኢንስቶል» እና «ኢንስቶል» የሚሉትን አማራጮች አከታትላችሁ ትጽፋላችሁ። ለፍሪውም ለነንፍሪውም እንዲሁ። ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ማሻገሩን ሞክሩ። ከዚህ ወዲያ ፓኬጁ ራሱ ከሲስተሙ ጋር እየተሻገረ ይሄዳል።

ጥፋተኛው ሌላ ፓኬጅ ከሆነ ምናልባት ለአዲሱ ፌዶራ ገና አልተዘጋጀም። አውጡት፣ ተሻገሩ፣ ሲዘጋጅ መልሱት። ምንም አልሆን ካለ «አርፒኤም-ኦስትሪ ሪሴት» የደረባችሁትን ሁሉ አራግፎ ንጹሁን ሲስተም ይመልስላችኋል። ከዚያ በፊት ግን የስታተሱን ዝርዝር ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ

ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭናችሁ የግራብ ሜኑን (የሚነሳው ቅጂ የሚመረጥበትን ዝርዝር) አምጡና ሁለተኛውን ምረጡ። ትናንት ሲሠራ የነበረው ሲስተም ይነሳል። በዚያው መቆየት ከፈለጋችሁ «አርፒኤም-ኦስትሪ ሮልባክ» በሉ። የሚቀመጡት ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሌላ አፕዴት ሲመጣ ደህናው ሊጠፋ ይችላል። ደህናውን «ሱዶ ኦስትሪ አድሚን ፒን» ብላችሁ በተራ ቁጥሩ ያዙት፤ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደኋላ የሚመለሰው ሲስተሙ ነው። ሆም (የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበት ፎልደር) እና ቫር (ሲስተሙ ሲሠራ የሚያጠራቅመው ዳታ ያለበት ፎልደር) ያሉበት ይቆያሉ። ኢቲሲ፣ የሲስተሙ ሴቲንግ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ ግን ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱ አለው። ስለዚህ ከአፕዴቱ በኋላ የቀየራችሁት ሴቲንግ ወደ አሮጌው ስትመለሱ አይታይም። ጠፋ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ዲስኩ 100% ሞልቷል የሚል ከመጣ

ከፌዶራ 42 ጀምሮ ሲስተሙ ኮምፖዝኤፍኤስ በተባለው መንገድ ነው የሚጫነው። በዚህ ምክንያት ዲኤፍ የተባለው የዲስክ ቦታ የሚያሳይ ትእዛዝ ሩቱን (የሲስተሙን ዋና ፎልደር) በጣም ትንሽና ሙሉ አድርጎ ያሳያል። ይህ ችግር አይደለም። እውነተኛውን ቦታ የሚነግራችሁ የቫር መስመር ነው። እሱም ከሞላ «ፖድማን ሲስተም ፕሩን» የቆሙ ኮንቴይነሮችንና ስም አልባ የቀሩ ኢሜጆችን (ኮንቴይነር የሚሠራባቸውን ፋይሎች) ይጠርጋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው፦ የቆመ ቱልቦክስም ከሚጠረጉት ይቆጠራል። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ አስነሱት። «ፍላትፓክ አንኢንስቶል» ላይ «አንዩዝድ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ራንታይሞች (አፖች የሚጋሯቸው መሠረታዊ ፋይሎች) ይወጣሉ።

ኮንቴይነሩን አጥፍቼ ብሠራውም ችግሩ አልሄደም

ቱልቦክስም ዲስትሮቦክስም የእናንተን ሆም ፎልደር ነው የሚጠቀሙት። በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) በዩዘር ስም የጫናችሁት የፓይተን ላይብረሪ የሚቀመጠው ሆም ውስጥ ነው። ኮንቴይነሩ ቢጠፋም እሱ ይጠብቃችኋል። በዚሁ ምክንያት ኮንቴይነር ውስጥ ሆናችሁ ከሆም የምትሰርዙት ፋይል በእውነት ይሰረዛል። ኮንቴይነር ከአደጋ ይከልላል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ለፓይተን በየፕሮጀክቱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ላይብረሪዎቹ ለየብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር) ፍጠሩ። መለየት የግድ ከሆነ ዲስትሮቦክስ ሲፈጠር «ሆም» በሚለው አማራጭ ሌላ ፎልደር ይቀበላል።

ኮድ የምትጽፉበት ኤዲተር ኮምፓይለሩን አላገኘሁም ሲልም ነገሩ ይኸው የቦታ ጉዳይ ነው። ኤዲተሩ ፍላትፓክ ነው፣ ኮምፓይለሩ ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ አይተያዩም። ኤዲተሩንም እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ ጫኑትና በ«ዲስትሮቦክስ-ኤክስፖርት» ወደ ዴስክቶፑ ሜኑ አውጡት። ፍላትፓክ ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል አላይ ካለ ደግሞ ፈቃድ አልተሰጠውም ማለት ነው፤ ፍላትሲል በሚባለው አፕ ፎልደሩን ፍቀዱለት።

አርዱዊኖ ሰካሁ፣ ፐርሚሽን ዲናይድ አለኝ

የተለመደው ምክር ራሳችሁን ዳያልአውት ግሩፕ (ፖርቱን ለመክፈት ፈቃድ ያለው) ውስጥ አስገቡ የሚል ነው። ዩዘርሞድ በሚባለው ትእዛዝ ታስገባላችሁ፣ ትወጡና ትገባላችሁ፣ ምንም የለም። ለምን? ዩዘርሞድ የሚጽፈው ኢቲሲ ውስጥ ባለው የግሩፕ ፋይል ላይ ነው። ዳያልአውት ደግሞ እዚያ ላይኖር ይችላል። ያለው ዩኤስአር ውስጥ፣ ሊብ በሚባለው ፎልደር ባለ ሌላ የግሩፕ ፋይል ነው። በግሬፕ (ፋይል ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) ሁለቱንም ፈትሹ። ኢቲሲ ላይ ከሌለ ያንን አንድ መስመር ከዩኤስአሩ ወስዳችሁ በሱዶ የኢቲሲው ፋይል መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ከዚያ ዩዘርሞዱን ድገሙት፤ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። «ግሩፕስ» ብላችሁ ስትጽፉ ዳያልአውት ከታየ ፖርቱ ይከፈታል።