ልብ ብሎ መስማት፦ ለባልና ሚስት፣ ለምክር ባለሙያም

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ተቀምጦ የሰው ጭንቀት የሚሰማ አማካሪና ጭቅጭቅ የሰለቻቸው ባልና ሚስት የሚለማመዱት አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የራስን ሰውነት ማስተዋል፣ ቀጥሎ ሌላውን መስማት፣ ምክር ካለ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ርኅራኄው ስብከት ይሆናል።

ከትንፋሽ ይጀመር። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ጀርባም ይደገፍ። በአፍንጫ 4 እስኪቆጠር አየር ማስገባት፣ 6 እስኪቆጠር ማስወጣት፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ለ3 ደቂቃ ይበቃል። ሐሳብ መሸሹ አይቀርም፤ መሸሹን አውቆ መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው። ብዙ ሰው የሚተወው «አእምሮዬ አልጸዳ አለኝ» ብሎ ነው፤ ይጽዳ ያለው ግን የለም። ራስ ካዞረ ትንፋሹ ከልክ በላይ ጠልቋል ማለት ነውና ለስለስ ማድረግ ነው።

ጦርነት ያለፈበትን ሰው ግን «ዐይንህን ጨፍን» ማለት አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ያየ ሰው፣ ዐይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ጸጥታ ላይሆን ይችላል። ዐይኑን ገልጦ መስኮቱን ይመልከት፣ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ይጥራ፣ እግሩን መሬት ላይ ጫን ያድርግ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ትንፋሹን ትቶ በስሙ መጥራትና «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ያለነው ደሴ ነው፣ በሩ ያውልህ» ማለት ይሻላል። ወንበሩም ከመጀመሪያው በሩ በሚታይበት በኩል ይቀመጥ።

ቤት ውስጥ ቡና የተመቸ ሰዓት ነው፤ ጎረቤት ያልተጠራበት ቡና ከሆነ ማለት ነው። በአቦሉ አንዱ ይናገር፣ በቶናው ሌላው፣ በበረካው ለነገ የሚደረግ አንድ ትንሽ ነገር ይወሰን። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሚስት «ሳትደውል ስታመሽ ፈራሁ» ስትል፣ ባል የሚመልሰው «ስልኬ ዘግቶ ነው» ብሎ ሳይሆን «ሳልደውል ሳመሽ ፈርተሻል፤ እንዲህ ነው ያልሽኝ?» ብሎ ነው። ማስተባበያው ተራው ሲደርስ ይመጣል። «አንተ ሁልጊዜ» ብሎ የጀመረ ዐረፍተ ነገር ወደ ክስ መሄዱ ስለማይቀር፣ ንግግሩ ከአንድ ቀንና ከአንድ ድርጊት አይውጣ።

በምርቃና ሰዓት ከባድ ጉዳይ አይነሣ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ወሬው ይፈስሳል እንጂ መስማቱ የለም። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ንጭንጩ ይመጣል። ረመዳን ወይም ሁዳዴ ላይ የሚጾም ሰውም ከማፍጠሩ በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት አይነካ፤ በልቶ ይረፍ።

ንግግሩ ሲጋጋል የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምትን ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ነው። ባለትዳሮችን ያጠናው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን እንደሚለው፣ ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በቅጡ አይሰማም፤ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንቀጥላለን» ብሎ መነሣት እረፍት ነው፤ ሰዓት ሳይነግሩ መነሣት ኩርፊያ ነው። በእረፍቱ ጊዜ መልስ ሲያዘጋጅ የቆየ ሰው ግን አልበረደም።

ለአማካሪው ዋናው ወጥመድ የሰውን ሥቃይ የራስ ማድረግ ነው። በሐዘን የተዋጠ ባለሙያ ትኩረቱ ወደ ራሱ ጭንቀት ስለሚዞር ንግግሩን ቶሎ ለመዝጋት ይቸኩላል። ምልክቶቹ ይታወቃሉ፦ መንገጭላ መቆለፍ፣ ሰዓትን ሰረቅ አድርጎ ማየት፣ ሳይጠየቁ መምከር። ያን ጊዜ ትንፋሹን ቀስ ብሎ አስወጥቶ፣ እግሩ መሬት መንካቱን ልብ ብሎ፣ ስለ ተገልጋይዋ በልቡ «ሕመሙ የእሷ ነው፣ እኔ አጠገቧ ነኝ» ይበል። የወሎ ሰው «አብሽሪ» (አይዞሽ) ማለትን ያውቅበታል፤ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከተባለች ግን አፍ ታዘጋለች። ልቧን ጨርሳ ካወራችና ያለችው ከተደገመላት በኋላ «አብሽሪ» ትምጣ። በሁለት ተገልጋዮች መካከልም 10 ደቂቃ ይኑር፦ ማስታወሻ መጻፍ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ወጣ ብሎ መመለስ።

ርኅራኄን ለማሳደግ ምርቃት የተገኘ መሣሪያ ነው። «ሰላም ያድርግሽ፣ ከጭንቅ ያውጣሽ» የሚለው በቅድሚያ ለሚወዱት ሰው ለምሳሌ ለልጅ ወይም ለአያት፣ ቀጥሎ ለራስ፣ ከዚያ ለማይቀርቡት የሰፈር ሰው፣ በመጨረሻ ለበደለ ሰው በልብ ይባላል። ከበዳዩ የጀመረ ሰው ቁጣውን ሲያሞቅ ይውላል። ለራስ ማለቱ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው፤ እነሱ ለጓደኛ የሚሉትን ቃል በዚያው ድምፅ ወደ ራሳቸው ያዙሩት። ቃሉ ከተገልጋዩ እምነት ይወሰድ፤ ዱአ ለለመደ ዱአ፣ ጸሎት ለለመደ ጸሎት።

ዱላ ያለበት ቤት ውስጥ የቡናው ልምምድ አይሞከር፤ የልቧን የተናገረች ሚስት ማታ ልትመታበት ትችላለችና። አማካሪው ባልና ሚስትን ለየብቻ ይጠይቅ፣ ስለ ደኅንነቷም አስቀድሞ ይነጋገር። «መኖር ሰለቸኝ» ያለ ሰው ካለ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፤ ቤተሰብ ተጠርቶ በዚያው ዕለት የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ።