ከውዱእ የሚጀምር የሳይንስ ትምህርት

ሙስሊም ልጆችን ሳይንስ የምታስተምሩ፣ ስለ ልኬትና ስለ ውሃ ብክነት ስታነሱ ከውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ከሚደረገው ትጥበት ጀምሩ። አንዱ ልጅ ቧንቧ ከፍቶ እንደ ልማዱ ውዱእ ያድርግ፤ ከስር ሳፋ አድርጉ። የተጠራቀመውን በሊትር ለኩት። ከዚያ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) መጻሕፍት የተዘገበውን ንገሯቸው፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነው። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ገጥሞ እንደሚታፈስ ያህል ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ሒሳቡን ለእነሱ ተዉት። ልዩነቱ በቀን 5 ጊዜ፣ በቤተሰቡ ቁጥር ሲባዛ ስንት ጀሪካን ይወጣዋል? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ እዚህ ላይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ብቻ ሐዲሱን «ሳይንስ ያረጋገጠው» እያላችሁ አታጋንኑት፤ ልኬቱ ራሱ ይበቃል። የሳፋውን ውሃም አትድፉት፣ ለግቢው አትክልት ይሁን።