የጓሳን ቀበሮ በስክራች እንዴት እናስሩጠው?

የደብረ ብርሃን ክረምት ልጅን ከቤት አያስወጣም፤ ኮዲንግ ለማስጀመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ስክራች ልጆች ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መስጠት) የሚማሩበት ፕሮግራም ነው። ኔትወርክ እንዳያስቸግራችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መተግበሪያ አስቀድማችሁ ጫኑ። ነፃ ነው፣ ቋንቋውም ወደ አማርኛ ይቀየራል። ሥራው ትእዛዝ የያዙ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተቱ መገጣጠም ነው።

ስክራች ሲከፈት አንዲት ድመት ትቀበላችኋለች። እሷን አጥፏት። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። እሱን እንሥራ።

ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ መስቀል አስምሩ። መሀሉ 0 ነው። በስክራች መድረክ (ስዕሉ በሚንቀሳቀስበት ቦታ) ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ግራ እስከ -240 ይኬዳል፤ ላይና ታች ደግሞ 180 እና -180 ነው። ቁጥር ጥሩላቸው፣ ሄደው ይቁሙ። ኔጌቲቭ ቁጥር ያልተማረ ልጅም በእግሩ ይገባዋል።

አሁን ልጁ ቀበሮውን ራሱ ይሳል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ይሁን። ስዕሉን ያባዛና በሁለተኛው ላይ እግሮቹን ብቻ ያንቀሳቅስ።

ቀጥሎ ኮዱ። ቢጫውን የአረንጓዴ ባንዲራ ብሎክ አስቀምጡ። ከሥሩ «ወደ ማውሱ ዙር»፣ «5 እርምጃ ሂድ»፣ «ቀጣዩን ስዕል አሳይ» የሚሉትን ግጠሙ። ባንዲራው ሲነካ ቀበሮው አንዴ ብቻ ፈቀቅ ይላል። መልሱን አትንገሩ፣ «ለምን ቆመ?» በሉ። ሦስቱን ብሎኮች ሳያቋርጥ በሚደግመው ብሎክ ሲከቷቸው ይሮጣል።

ማውሱ ወደ ግራ ሲሄድ ቀበሮው ተገልብጦ በጀርባው ይሮጣል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ከዚያ የአዟዟሩን ስልት «ግራ-ቀኝ» አድርጉት። ማውሱ ላይ ሲደርስ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ጋ «ከሆነ» የሚለውን ብሎክ አስተዋውቁ፦ እስከ ማውሱ ያለው ርቀት ከ10 ከበለጠ ብቻ ይንቀሳቀስ። እኔ «ከሆነ»ን ያለ ምክንያት ሳስተምር ማንም አልያዘልኝም ነበር፤ ቀበሮው ሲንቀጠቀጥ ግን ሁሉም ፈለገው።

በመጨረሻም ቀበሮው የሚያድናትን አይጥ ለብቻዋ ሳሉ፤ እሷ ቀላል ናት። በራሷ ኮድ «ቀበሮውን ከነካሽ የትም ቦታ ሂጂ» የሚለውን በድግግሞሽ ውስጥ አድርጉ። መብራት ሳይሄድ ሴቭ ማድረግ አትርሱ።