ንግሥት ሠውቶ ማት፦ እንቆቅልሽ ስንፈታ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ወይም ፒያሳ ማኪያቶ እየጠበቀ በስልኩ የቼዝ እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው መሥዋዕቱን ማየት እምብዛም አያቅተውም። የሚሳሳተው ከጊዜው በፊት ስለሚሠዋ ነው። ይህን አቀማመጥ ደርድሩት።

ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ንግሥት ሲ4፣ ሩክ ኢ1፣ ፈረስ ጂ5፣ ወታደሮች ኤፍ2፣ ጂ2፣ ኤች2።
ጥቁር፦ ንጉሥ ኤች8፣ ንግሥት ቢ2፣ ሩክ ኤፍ8፣ ፈረስ ኤ5፣ ወታደሮች ጂ7፣ ኤች7።
ተራው የነጭ ነው፤ በአራት እርምጃ ማት (ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ ማጣቱ) አለ።

የምንወደውን መልስ ብቻ ማስላት

ንግሥቲቱን ወዲያው ጂ8 ማስገባት ያጓጓል፤ ሩኩ ቢበላት ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ማት ይላል። ግን ሩኩን ማን አስገደደው? ጂ8ን የሚጠብቅ የነጭ ጠጠር ስለሌለ ንጉሡ ራሱ ይበላታል፤ ጥቃቱም እዚያው ያበቃል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ፈረስ ኤፍ7 ቼክ (ንጉሡን ማጥቃት)፣ ንጉሥ ጂ8። ፈረስ ኤች6 ቼክ፣ ንጉሥ ኤች8። አሁን ንግሥቲቱ ጂ8 ትገባለች፤ ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ አይነካትም፣ ሩኩ በግዱ ይበላታል። ፈረሱ ወደ ኤፍ7 ሲመለስ ንጉሡ በገዛ ሩኩና በገዛ ወታደሮቹ ታፍኖ ማት ይሆናል።

ድርብ ቼክን መርሳት

«ጂ7 ያለው ወታደር ፈረሱን ኤች6 ላይ ይበላዋል» ብለው መስመሩን የሚተዉ አሉ። አይበላውም። በዚያች ቅጽበት ከሲ4 ንግሥቲቱም ቼክ ብላለች። በድርብ ቼክ ላይ ንጉሡ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት እንጂ በሌላ ጠጠር መብላትም ሆነ መጋረድ አያድንም።

የጎን መስመሩን መዝለል

በመጀመሪያው ቼክ ሩኩ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ቢበላውስ? ያኔ የነጭ ሩክ ኢ8 ቼክ፣ የጥቁር ሩክ ኤፍ8 ተመልሶ ይጋርዳል፣ ተበልቶ ማት። ይህን ሳያሰሉ መጀመር እንቆቅልሹን በግማሽ መፍታት ነው።

የተነካችውን ንግሥት ማዳን

ኤ5 ያለው ፈረስ ንግሥቲቱን ስለሚያስፈራራ ብዙዎች ወደ ኢ4 ያሸሿታል፤ ኤች7 ላይ ማት ስለምታስፈራራም ጥሩ ይመስላል። ግን ኤፍ1ን የምትጠብቀው ከሲ4 ሆና ነበር። ጥቁር ንግሥቱን ኤፍ2 አስገብቶ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ኤች1 ይሸሻል፤ ከዚያ ጥቁር ንግሥቱን ኤፍ1 ላይ ይሠዋል፣ የነጭ ሩክ ይበላታል፣ የጥቁር ሩክ ኤፍ1 ላይ ማት ይላል። ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የሀገራችን ቼዝ፣ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ አልነበረም። በቼዝ ግን ያለ ቼክ የተጫወታችሁት እርምጃ ለተጋጣሚ ሙሉ ተራ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቼኮችን ሁሉ ቁጠሩ።

የመጨረሻውን ካሬ አለማየት

ለጥቁር ጂ6 ላይ ቢሾፕ ጨምሩለትና እንደገና እዩት። ቢሾፑ ፈረሱን ገና በመጀመሪያው እርምጃ ኤፍ7 ላይ ይበላዋል፤ የታፈነው ማት የለም። ንግሥቲቱን ከመሠዋታችሁ በፊት ኤፍ7ን የሚያይ የጥቁር ጠጠር እንዳለ በሰያፉም፣ በቀጥታውም መስመር በጣታችሁ ተከትላችሁ ፈትሹ።