በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የምንሰማቸውንና በመጠባበቂያ ዕቃዎች ላይ የምናነባቸውን ቃላት እንዴት እንረዳ

ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም የሚተላለፉ መመሪያዎች አጭር ናቸው፤ ማብራሪያ ለመጠየቅም ፋታ አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ምን እንድናደርግ እንደሚያዝዝ አስቀድሞ ማወቅ፣ ውሃና መድኃኒት አዘጋጅቶ ከማስቀመጥ እኩል የዝግጅቱ አካል ሊሆን ይገባል።

ስጋት ማለት ጉዳት ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ሲሆን፣ አደጋ ግን የደረሰው ጉዳት ራሱ ነው። በሁለቱ መካከል ተጋላጭነት የሚባለው አለ። አንድ ዓይነት ጎርፍ በወንዝ ዳር የተሠራውን ቤት ጠርጎ ሲወስድ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያለውን ላይነካው ይችላል፤ ልዩነቱ በተጋላጭነት እንጂ በጎርፉ አይደለም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ መንግሥት የሚያውጀው ሕጋዊ እርምጃ ስለሆነ፣ ድንገተኛ አደጋ ደርሷል ከሚለው ዜና ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ክስተቱ ገና አልደረሰም፤ ስልክ የሚሞላበት፣ ውሃ የሚቀዳበትና ሰነዶች በአንድ ቦርሳ የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ከሚመጡት ትእዛዞች መካከል ፈጽሞ መምታታት የሌለባቸው ሁለት ናቸው። «አካባቢውን ለቃችሁ ውጡ» ከተባለ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ በተነገረው መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። «ባላችሁበት ተጠለሉ» ከተባለ ግን መውጣቱ ራሱ ለአደጋ ያጋልጣል፤ ለምሳሌ መርዛማ ጋዝ ካመለጠ ወደ ቤት ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት፣ የአየር ማስተላለፊያዎችንም ማጥፋት ይገባል። ጎርፍን አቋርጦ ለመውጣት መሞከር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል።

ወደ አቅርቦት ስንመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ስለ ውሃ የሚነገረው ነው። ማጣራት ማለት አፈርንና ቆሻሻን በጨርቅ ወይም በማጣሪያ መለየት ሲሆን፣ ማከም ማለት ደግሞ በሽታ አምጪ ተህዋስያንን መግደል ነው። በጨርቅ ተጣርቶ ጠርሙስ ውስጥ ኩልል ብሎ የሚታይ ውሃ አሁንም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጣራል፤ ቀጥሎ ይፈላል። ውሃው ሲንፈቀፈቅ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። ማፍላት ካልተቻለ ሽቶ ያልተጨመረበትና 5 ወይም 6 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለው በረኪና በአንድ ሊትር የጠራ ውሃ ላይ 2 ጠብታ ጨምሮ መቀላቀልና 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል፤ ውሃው ከተጣራም በኋላ ድፍርስ ከሆነ ጠብታው በእጥፍ ይጨመራል። ሆኖም በኬሚካል ወይም በነዳጅ የተበከለ ውሃ በማፍላትም ሆነ በበረኪና ለመጠጥ አይበቃም። መጠባበቂያ የሚባለውም ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ሆኖ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚበቃ ነው።

በመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሣጥን ውስጥ ጎዝ ቁስሉን የሚሸፍነው ስስ ጨርቅ ነው፤ ፋሻ ግን ጎዙን የሚይዘው መጠቅለያ ነው። በጎዙ ማሸጊያ ላይ «ከተህዋስያን የጸዳ» የሚል ቢጻፍም፣ ማሸጊያው ጠርዙ ላይ ጥቂት እንኳ ከተቀደደ ወይም ከረጠበ ጽሑፉ ዋስትና መሆኑ ያበቃል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተቅማጥ ላይ ላለ ሰው ከሰውነቱ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ እንጂ ተቅማጡን የሚያስቆም መድኃኒት አይደለም፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ መበጥበጥ አለበት።

የተመረተበት ቀንና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል። መድኃኒት ላይ ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ያገለግላል ማለት ነው። ምግብ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ሲናገር፣ «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና የተሰጠ ክልከላ ነው።

ጄኔሬተር ላይ «ከቤት ውጭ ብቻ» የሚለውን ብዙዎች ለድምፁ የተጻፈ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሰልም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። መስኮት መክፈት ስለማይበቃ ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ የሚወጣበት በኩል ከቤቱ በተቃራኒ እንዲሆን ተደርጎ ይቀመጣል።