«ሸራሽን አንሺ» ሲሉሽ፦ ከአንዲት የድሬ ሻይ ሻጭ

ወረቀቱ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አቦሉ ገና አልወረደም። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። አንዱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ቡና አዘዘ። ሌላው ማስጠንቀቂያውን ስኳሩ ሥር ሸጎጠልኝ። በ7 ቀን ውስጥ ሸራውን እንዳነሳ ይላል። የቡናውን ከፍለው ነው የሄዱት፤ እሱን አልክድም።

የምሠራው ሳቢያን የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ነው፤ ከተከራየሁት ግቢ አጥር ውጪ፣ ኒም ዛፍ ሥር። ጠዋት ቡናና ሻይ፣ ከሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳና የሮቃ ጭማቂ። የድሬን ሙቀት የቀመሰ ሰው ጥላ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። ከሰዓት በርጫ የያዘው ሁሉ ፔርሙዝ ይልክብኛል። ባጃጁም ይደረደራል። ጠቡም የመጣው ከዚያው ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ለደረሳችሁ፣ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ቁጭ ብላችሁ በምን እንደተከሰሳችሁ አንብቡ። እኔ አላነበብኩም። ንግድ ፈቃዴንና የግብር ደረሰኞቼን ሰብስቤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት በረርኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አንዲት ልጅ ወረቀቱን አየችና «እትዬ፣ ይሄ እኮ እኛን አይመለከትም፤ የመንገድ ወሰን ነው የሚለው» አለችኝ። ከ7 ቀኔ 4ቱ አለቀ።

ክሱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ሥራው ነው፣ ወይ የሠራችሁት ነገር ነው፣ ወይ ቦታው ነው። ሦስቱ የተለያየ በር አላቸው።

የሥራው ቀላል ነው። ፈቃድ አላችሁ ወይ? ታድሷል? ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የምትሠሩበት ነው? ብዙ ሰው የሚወድቀው በአድራሻው ነው። ፈቃዱ የቤቱን ቁጥር ይዞ፣ ሻዩ መንገድ ማዶ ይሸጣል። ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ ግብር መክፈል የቦታ መብት አይሰጥም። የ6 ዓመት ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የተነገረኝ ይሄው ነው። ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነው።

የሠራችሁት ነገር ሲባል ግንባታ ማለት ነው። ጃንጥላ ማታ ታጥፎ ይገባል። በሲሚንቶ የተተከለ እንጨት ግን አይገባም። እኔ ነፋስ አስቸግሮኝ ሁለት አጣና በሲሚንቶ ተክዬ ነበር። ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል። «ይሄ ምኑ ሕንፃ ነው? ሁለት አጣና!» ብዬ ተከራከርኩ። አልሰራም። አጣናውን ያኔውኑ ብነቅለው ኖሮ ከክሱ ግማሹ በራሱ ይወድቅ ነበር።

ዋናው ግን ቦታው ነው። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ለአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ከተማውን በጠቅላላ ያሳያል። ሌላው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ወደ ሰፈር ወርዶ ይዘረዝራል። «ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ነው»፣ ማለትም የዛፍና የመናፈሻ ቦታ ነው፣ ሲሏችሁ «የትኛው ፕላን ላይ?» በሉ። መንገዱ በፕላኑ ላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ሜትር ገዝታችሁ ራሳችሁ ለኩ። አባቴ የሼመንደፈር፣ የባቡር ድርጅቱ፣ ሠራተኛ ነበር። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር እያሳየኝ «ድሬ ባቡሩ ሲመጣ በማስመሪያ የተሠመረች ከተማ ናት» ይለኝ ነበር። ማስመሪያው አንድ ቀን የእኔ ጀበና ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

እኔ በለካሁት ሸራዬ ከአጥሩ 2 ሜትር ተኩል ወጥቷል። ያ ሁሉ የእግረኛ መንገድ ነው። ልቤ እያወቀው ነበር መሰለኝ።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም የጎርፍ ቦይ ላይ ለምትሠሩ፣ በቦታው ላይ ብዙ አትከራከሩ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ያ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ስንት ሰው እንደወሰደ ድሬ አልረሳም። ጉልበታችሁን ሌላ ቦታ በመጠየቅ ላይ አውሉት።

አሁን ማመልከቻው። በቃል ያወራችሁት ሁሉ ነፋስ ነው። ጸሐፊ ጋ ሄዳችሁ «የድሃ አደግ እናት ነኝ» የሚል ሁለት ገጽ አታስጽፉ። የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ማንም አላነበበውም። ሁለተኛው ይሄን ታክል ነበር፦

«በቀን እንዲህ በቁጥር እንዲህ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። አንደኛ፣ የምሠራበት ቦታ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ ሁለተኛ፣ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥቶ ወሰኑን እንዲያሳየኝ፤ ሦስተኛ፣ ይህ እስኪሆን እርምጃው እንዲቆይልኝ አመለክታለሁ። በሲሚንቶ የተተከለውን አጣና በራሴ አንስቻለሁ፤ ፎቶ አያይዣለሁ።»

ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመቱበት። ማህተም የሌለው ማመልከቻ አልተጻፈም ማለት ነው። ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ እንኳን ባለሙያው፣ ዝንቡም ተኝቷል።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ የሚባል አለ፤ ቁጥር 1183/2012። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አዋጁ እዚህም ይሠራል። ከመወሰናቸው በፊት ሊሰሟችሁ ይገባል። ሲወስኑም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ። ቅሬታችሁን እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ታቀርባላችሁ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። የአዋጁን ቁጥር ስጠራ ማንም አልደነገጠም። ደብዳቤው ግን ተጻፈ።

መልስ ሳይመጣ ሊያፈርሱ ከመጡ አትጋደሉ። የጽሑፍ ትእዛዙን ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ የሚወስዱትን ዕቃ አንድ በአንድ ጽፋችሁ አስፈርሙ። በርጩማ ስንት፣ ፔርሙዝ ስንት።

መሀል ላይ አንድ ጉዳይ አስጨራሽ ነኝ ባይ መጥቶ «ለሻይ» ጠየቀኝ። ሻይ ለምሸጥ ሴት! አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሌላው የዘገየሁበት ነገር ጎረቤት ነው። ማስጠንቀቂያ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም፤ አቤት ያለ ሰው አለ። የኔ ከሳሽ ከጎን ያሉት ሽማግሌ መሆናቸውን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ቡና ይዤ ሄድኩ።

«ሀጂ፣ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር ልጄ። ባጃጁ እየጮኸ አልሰማሽኝም።»

በራቸውን ባጃጅ ይዘጋባቸዋል። መኪና ማስገባት አልቻሉም። ታመው ሆስፒታል ሊሄዱ በር ላይ ሩብ ሰዓት ቆመዋል። ይሄን ሁሉ እኔ ከ30 እርምጃ ርቀት አላየሁም። በማግስቱ በሩ ፊት የድንጋይ ምልክት አደረግን፤ ለባጃጆቹም «ዋርያ፣ እዚህ የቆመ ሻይ የለውም» አልኳቸው። ሀጂ ቅሬታ የለኝም ብለው ፈረሙልኝ። ፊርማው ፕላን አይቀይርም። ግን አቤቱታውን ያቆማል፤ ባለሙያው ሲመጣም ሰፈሩ አብሯችሁ ይቆማል።

ባለሙያው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ወሰኑን በኖራ አሰመረ። መስመሩ አጥሬን ታክኮ ሄደ። ተሸነፍኩ ማለት ነው፤ ሸራው ተነሳ። ግን ኖራው አንድ ነገር አሳየኝ፦ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ያለው የአከራዬ ይዞታ ነው፤ ካርታ አለው። አከራዬን ለመንኩ። በጽሑፍ ፈቀዱልኝ። ለአጥሩ መስኮትም አመለከትኩ፤ በዚህኛው ግን ፈቃዱ እጄ ሳይገባ አንድ ብሎኬት አልነካሁም። የፈቃዴን አድራሻም አስተካከልኩ።

አሁን በመስኮት ነው የምሸጠው። በርጩማዎቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኒሙ ቅርንጫፉን በአጥሩ ላይ ስለዘረጋ እስከ 8 ሰዓት ጥላ አለኝ። ከዚያ በኋላ ጃንጥላ እዘረጋለሁ። ከሸራው ይወደዳል፤ ማታ ግን አጥፌ አስገባዋለሁ።