የስቴንለስ ስቲል ቧንቧ ውፍረት ስንት ጭነት እንደሚያስችል እንዴት ይሰላል?

ብረት መሸጫ ሱቅ ውስጥ «ወፈር ያለው ይጠነክራል» ሲባል ንግግሩ ግማሽ እውነት ነው። የመሳብ ጥንካሬ የሚባለው በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ብረት ላይ ምን ያህል ኃይል ሲያርፍ ብረቱ እንደሚበጠስ የሚያሳይ የቁሱ የራሱ ባሕርይ ስለሆነ፣ ቧንቧው ስለወፈረ ብቻ አይጨምርም። ከውፍረት ጋር የሚጨምረው ቧንቧው በጠቅላላ የሚችለው ጭነት ነው። 304 የሚባለው የተለመደ ዓይነት፣ ሳሳም ወፈረም፣ በስኩዌር ሚሊሜትር ቢያንስ 205 ኒውተን እስኪደርስበት ተለጥጦ አይቀርም፤ ለመበጠስም ቢያንስ 515 ኒውተን ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ውፍረቱን ይለኩ። በዲስክ የተቆረጠ ጫፍ ላይ የብረት ቅራፊ ስለሚቆለል፣ በሞረድ ሳያስተካክሉ ካሊፐር ቢያስገቡ 1.2 ሚሊሜትር የነበረው 1.5 መስሎ ሊነበብ ይችላል። ዙሪያውን አራት ቦታ ለክተው ትንሹን ቁጥር ይያዙ። እኔ ግን ከካሊፐር ይልቅ ሚዛንን አምናለሁ፤ የውጭ ዲያሜትሩ 38.1 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ ውፍረቱ 1.5 ከሆነ 8.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ 1.2 ከሆነ ግን 6.6 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ስፋት ያስሉ። ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ይቀንሱ፣ የቀረውን በውፍረቱ፣ ከዚያም በ3.14 ያባዙ። ባለ 1.5ቱ 172 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ባለ 1.2ቱ 139 ይሆናል። ውፍረቱን ከ1.5 ወደ 3 ቢያሳድጉት ስፋቱ 331 ገደማ እንጂ ሙሉ እጥፍ አይሆንም፤ የውጭው መጠን ሳይለወጥ ብረቱ የሚጨመረው ወደ ውስጥ፣ ዙሪያው ወደሚጠብበት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ስፋቱን በ205 ያባዙ። በ515 ማባዛት ያጓጓል፤ ነገር ግን አንዴ ተለጥጦ የቀረ ቧንቧ ባይበጠስም ከአገልግሎት ውጭ ነው። የሚገኘው በኒውተን ስለሆነ ወደ ኩንታል ለመለወጥ ለ981 ያካፍሉ። ውጤቱ ለባለ 1.5ቱ 36 ኩንታል፣ ለባለ 1.2ቱ 29 ኩንታል ያህል ነው፤ ዓይን የማይለየው 0.3 ሚሊሜትር 7 ኩንታል አጎደለ ማለት ነው። ለጥንቃቄ ይህን ቁጥር ቢያንስ ለ2 ያካፍሉ፤ ሰው የሚንጠለጠልበት ከሆነ ስሌቱን ለመሐንዲስ ይስጡ።

አንዳንድ ስስ ቧንቧ ሲፈተን ከወፍራሙ የበለጠ የመሳብ ጥንካሬ ያሳያል። ምክንያቱ መሳሳቱ ሳይሆን ብረቱ ሳይሞቅ እየተጎተተ መሳሳቱና ከዚያ በኋላ በእሳት አለመለስለሱ ነው። እንዲህ ያለው ቧንቧ ሲበየድ፣ ብየዳው ባሞቀው ቦታ ትርፍ ጥንካሬው ስለሚጠፋ በስሌት ውስጥ አያስገቡት።

በመጨረሻ የተበየደውን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ። በያጁ ስፌቱ እንዳይታይ በግራይንደር ሲያስተካክልና ሲያብረቀርቅ አብሮ ቧንቧውን ይልጣል፤ ከባለ 1.2ቱ ዙሪያውን 0.3 ሚሊሜትር ከተላጠ 29 የነበረው ኩንታል ወደ 22 ይወርዳል። ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው በሳሳው ቀለበት ላይ ነው፤ ያውም ቧንቧው በርዝመቱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሲሳብ ብቻ ነው። የደረጃ መደገፊያ በጎን ሲገፋ ስለሚጎብጥ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።